የሊቀ ሊቃውንት ጋቪን ራንኪን እሑዶች

ሰው እግሩን መሬት ላይ እንዳያሳርፍ የሚከለክል አንድ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለእኛ የደረሰን ሊቀ ሊቃውንት ጋቪን ራንኪን ነበር። ማዕረጉን የሰጠነው እኛው ነን፣ ለቀልድ።

ሥራው ሽመና ነው። ግን በስኮትላንድ ተራሮች የበቀለውን ሣር ሁሉ በላቲን ስሙ ይጠራዋል። የኤደንብራ ፕሮፌሰሮች «የተከበሩ አቶ ራንኪን» እያሉ ይጽፉለታል፤ ሚስቱ ጄነት ደግሞ «ሸማው ሳያልቅ ወዴት ነው ደሞ?» ትለዋለች። ጤና ይስጥልኝ ብሎ ሰላምታ አያውቅም፤ «እግርህን አንሳ፣ ረግጠሃታል» ነው የሚለው። የለቀመውን የሚያኖረው ባርኔጣው ውስጥ ነበርና፣ አንድ ቀን ለቄሳችን ባለቤት ባርኔጣውን ቢያነሳ እርጥብ ቅጠል ከነጭቃው ተዘረገፈባት። እሱ እቴ፣ ጎንበስ ብሎ ለቀማውን ያዘ። «አይንቀሳቀሱ እመቤቴ፣ አንዷ ጫማዎ ሥር ናት።»

ይህን ሁሉ ችለነዋል። እሑድን ግን ማን ይችላል? እኛ ዘንድ እሑድ እንኳን ሥራ ፉጨትም ኃጢአት ነው። ጋቪን ደወሉ ሲደወል ወደ ተራራው ይወጣል። እኔ ባለወፍጮው ኤበን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበርኩና ጉባኤ ፊት አቆምኩት።

«እሑድ እሑድ ተራራ ላይ ምን ትሠራለህ?»

«እቀመጣለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። «እንግዲያ ከመጪው እሑድ ጀምረህ እዚህ ተቀመጥ፤ አለዚያ ከቁርባን ትታገዳለህ» አልኩት። ጄነት ከኋላ ስታለቅስ ሰምቶ መሰለኝ፣ «እሺ» አለ።

መጣም። ስብከቱ እስኪያልቅ ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም።

ሰኞ ጧት እጁ አፈር እንደሆነ ወፍጮ ቤት መጣ። «ነቅለዋታል፣ ኤበን።»

ያን ጊዜ ፈርን የሚሉትን አበባ የለሽ ቅጠል ሳሎን ውስጥ ማሳደግ የከተማ ወይዛዝርት ፋሽን ነበር፤ ነጋዴዎች በባቡር እየመጡ ይነቅላሉ፤ የሚመጡትም እሑድ፣ እኛ ስንዘምር ነው። ጋቪን በሃያ ዓመቱ ተራራው ላይ፣ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ያገኛት አንዲት ፈርን ነበረች፤ ሌላ ቦታ የሌለች። ለካ ዘበኛዋ እሱ ኖሯል።

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

«ለሰባት ሽማግሌ? ሰባት ሽማግሌ ሰባት ሚስት አለው፤ ወሬው በማግስቱ ነጋዴዎቹ ጆሮ ይገባል።» ቀጠለና፣ «አንተ ምን ታደርግ፣ ሕጉ ነው» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አልቀረም፤ የሚሄድበት አልነበረውማ። ሊሞት ሲል ብቻ፣ «ያን የድንጋይ ስንጥቅ አየት አድርግልኝ፤ ከሥሯ የተረፈ ካለ ትመለስ ይሆናል» አለኝ።

ይኸው ሁለት ዓመቴ፣ እሑድ እሑድ እወጣለሁ። እስካሁን የለችም። ሳላስበው እግሬን እያነሳሁ ነው የምራመደው፤ ያ ነዝናዛ ሰው እንዴት እንደናፈቀኝ።

ባለፈው ሳምንት አዲሶቹ ሽማግሌዎች ጉባኤ ፊት አቆሙኝ። «አቶ ኤበን፣ እሑድ እሑድ ተራራ ላይ ምን ይሠራሉ?»

«እቀመጣለሁ» አልኳቸው።

ሳቁ።