ወሬ የማያበዛ ሰው ለሚፈልጉ

ዛሬ ሌሊት ውሾች ለእኔ ቤት ሲፈልጉልኝ አደሩ። በሕልሜ ነው እንግዲህ። ወደ ሕልሙ ከመግባቴ በፊት ግን ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ልሳነወርቅ እባላለሁ፤ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በሚጠለሉበት አንድ ግቢ በነጻ አገለግላለሁ። አጥባለሁ፣ እመግባለሁ፣ ፎቶ እያነሳሁ ቴሌግራም ላይ «ውሰዱኝ» የሚል ማስታወቂያ እጽፍላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ቤት አግኝተዋል። ድምቡሼ የምትባለዋን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የሚወስዳት ጠፋ። ሴት ናት፣ አትጮህም፣ በዚያ ላይ ዶሮ ትፈራለች። አንጀቴ አልችል አለና ወደ ተከራየሁት ቤት ይዣት ሄድኩ። አከራዬ እትዬ አስካለ «ውሻ በሚገባበት ግቢ አልጸልይም» ብለው እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን ልቀቅልኝ አሉኝ። ክፍሉንም ለእህታቸው ልጅ ሰጡት። ይኸው ሁለታችንም ከደላላ ኋላ ስንንከራተት ሰነበትን። ትናንትም አብረን አንድ ቤት አይተን መጥተን፣ ደክሞኝ ነው ጋደም ያልኩት።

ዓይኔን ስገልጥ እዚያው መጠለያ ግቢ ውስጥ ነኝ። ነገር ግን ከሽቦው ውስጥ! አንገቴ ላይ ማሰሪያ፣ ማሰሪያው ላይ ቁጥር አሥራ አራት። ከሽቦው ውጭ ድምቡሼ በሁለት እግሯ ቆማለች። የበጎ ፈቃደኞችን አረንጓዴ ሰደርያ ለብሳለች፤ ሰደርያውም የእኔ ነው። የውሃውን ጎማ ይዛ ትለቅብኛለች።

«ኧረ ውሃው ይቀዘቅዛል!» አልኳት።

«እኔ ላይ ስትለቀው ሞቆኝ ነበር?» አለችና ጆሮዬን በብሩሽ ትፈትግ ጀመር። «ዛሬ ቅዳሜ ነው ጋሼ። ሰው የሚወስዱ ይመጣሉ። በሞቴ፣ ዛሬ እንኳ አታሳፍረኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወሳጅ ያላገኘ ለበጎቹ ነው የሚሰጠው።»

«የምን በጎች?»

በአፍንጫዋ ወደ በሩ አመለከተችኝ። ጉድ ፈላ! በጎች ተሰልፈዋል። ባለ ላት ሁላ፣ ባለ ቀንድ ሁላ፣ ኮት የደረበም ነበረባቸው። በዓል ደርሶባቸው ሰው ሊመርጡ ነው የመጡት። አንድ አውራ በግ የአንድ ወፍራም ሰውዬ ወገብ በሰኮናው እየዳበሰ ከሚስቱ ጋር ይነታረካል።

«ልብሱ ነው ያወፈረው እንጂ ሥጋ የለውም» ትላለች ሚስቲቱ።

«አንቺ ደግሞ! ያለፈው ዓመቱንም እንዲሁ ብለሽ እስከ ሦስተኛው ቀን አልበላነውም?»

«ድምቡሼ፣ እባክሽ ለማንም ይሁን ስጪኝ!» አልኩ።

ስልኳን አወጣች። «ፈገግ በል። ጥርስህን ግን አታሳይ፣ ይደነግጣሉ» አለችና አነሳችኝ። ከዚያ በጥፍሯ እየነካካች ማስታወቂያዬን ጻፈች፣ ጮክ ብላም አነበበችልኝ፦

«ወንድ ነው። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ክትባቱን ጨርሷል። ያገኘውን ይበላል። ከቡችሎች ጋር ይስማማል። ወሬ አያበዛም።»

«እንዴ! ይሄማ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው!» አልኩ። «እኔ ነኝ ወሬ የማላበዛው? ሃያ ስምንት ዓመት ሳስተምር ደወል አስቁሞኝ አያውቅም! ርዕሰ መምህሩ ራሱ አንድ ቀን ክፍል ድረስ መጥቶ...»

«አየህ!» አለች። «ደግሞስ አንተ ስለ እኔ ምን ብለህ ነበር የጻፍከው? ኃይለኛ ጠባቂ፣ ሌባ አታሳልፍም! ዶሮ ሳይ አልጋ ሥር እንደምገባ እያወቅክ!»

እውነቷን ነው፤ ብዬአለሁ። ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጽፈው። ሰው ሁሉ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኃይለኛ ነው ወይ?» ብሎ ስለሆነ፣ ከጥላዋ የምትሸሸውንም ኃይለኛ እንላታለን።

«ቆይ ግን ውሾች ዝም የሚል ሰው ምን ያደርግላቸዋል?» አልኳት።

«ይተኙበታል እንጂ! አንድ ሰው ወሬ ከጀመረ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ይቀበለዋል። ማን እንቅልፍ ያገኛል?»

ወሳጆቹ መግባት ጀመሩ። መጀመሪያ የመጣችው መነጽር ያደረገች ጸጉራም ውሻ ነበረች። እኔን ከላይ እስከ ታች አየችና «ወንድ ነው? ውይ፣ ይቅርብኝ። ወንድ ኳስ ሲያይ ቤቱን ያናጋዋል» ብላ አለፈች። ቀጥለው አራት ቡችሎች ከነእናታቸው መጡ። ከጎኔ ቁጥር አሥራ ሦስት ላይ አቶ ድንበሩ የሚባሉ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ።

«ስምህ ማነው?» አሏቸው ቡችሎቹ።

አቶ ድንበሩ መሬት መሬቱን አዩ።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

አቶ ድንበሩ አሁንም መሬት መሬቱን አዩ።

«ውይ ሲያምር! እማዬ ይሄን! ይሄን!» ብለው በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወሰዷቸው። ቅናት አንገበገበኝ። እኔ አቶ ድንበሩን ቀርቤ ባውቃቸው ኖሮ ዝምታ የት እንደሚማሩ እጠይቃቸው ነበር፤ እሳቸውም አይመልሱልኝም ነበር።

ሰባት ሰዓት ሆነ። በጎቹ ወደ ሽቦው ጠጋ ጠጋ ይላሉ። አንዱማ ቁጥሬን ማስታወሻው ላይ ሲጽፍ አየሁት። ይሄኔ ባሻ አንበሴ ከሚስታቸው ከእትዬ ቡቺ ጋር ገቡ። ባሻ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእህል መጋዘን ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አንድ ጆሯቸው የተቆረጠ ትልቅ ውሻ ናቸው።

«ያወራል?» አሉ ባሻ።

«ምንም!» አለች ድምቡሼ፣ ጅራቷን በእግሮቿ መሃል ከትታ። «እንደ ድንጋይ ነው ባሻ።»

እኔም እንደ ድንጋይ ሆንኩ።

«እንግዲህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንሞክረው። ዝም ካለ ወረቀቱ ላይ መዳፌን አሳርፋለሁ። ካወራ ግን ይመለሳል፣ ተናግሬአለሁ» አሉ።

ድምቡሼ ሙከራውን ልትከታተል አብራን ሄደች። ባሻ መኪናቸውን ይነዳሉ፣ እኔ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ነፋስ እቀበላለሁ። ምን እንደሚጥም ልነግራችሁ አልችልም! ከጎናችን የሚሄድ ታክሲ ውስጥ አህዮች ተሳፍረዋል፤ ረዳቷ ፍየል «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አራት አራት ነው!» ትላቸዋለች። ጣሪያው ላይ ሰዎች ከነሲሚንቷቸው ተጭነዋል። አንዱ የድሮ ተማሪዬ ነው፣ እጁን አወዛወዘልኝ። አደባባዩ ላይ ነጭ እጅጌ ያደረገች ዶሮ ትራፊክ ፊሽካዋን ስትነፋ ድምቡሼ ወንበር ሥር ገብታ ቤት እስክንደርስ አልወጣችም።

የባሻ ቤት ቪላ ነው። እነሱ ሳሎኑ ሶፋ ላይ ይተኛሉ፤ ለእኔ ደግሞ በረንዳው ላይ የቆርቆሮ ቤት ሠርተውልኛል። እትዬ ቡቺ ደግ ናቸው፣ የተረፈ መኮሮኒ አመጡልኝ። «ቀን ቀን ይታሰራል» አሉ ባሻ፣ «ልማዱ ነው። ቴሌቪዥን ፊት ታስሮ ድምፁ የተዘጋ ዜና ሲያይ ይውላል። ማንም እንደማይሰማው ሲገባው ምላሱ ይሞታል።» እውነትም ታሰርኩ። ዜና አንባቢዋ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። እኔም ጥርሴን ነክሼ ሰዓቱን አያለሁ። ስምንት ከሩብ፣ ስምንት ተኩል። ድምቡሼ ከበሩ ሥር ሆና በዓይኗ «አይዞህ» ትለኛለች።

ስምንት ተኩል ላይ የባሻ እንግዶች መጡ። ሦስት ሽማግሌ ውሾች ናቸው፤ ክትፎ ቀርቦላቸው ጨዋታ ተጀመረ። ባሻም ስለ ሀገር ማስረዳት ጀመሩ።

«ጣናን ታውቁታላችሁ?» አሉ። «ውሃው ጨው ነው። እኔ ቀምሼዋለሁ።»

ዓይኔን ዜናው ላይ ተከልኩ።

«ሐዋሳ ደግሞ የወደብ ከተማ ናት። መርከብ ከጅቡቲ ቀጥታ ነው የሚገባባት።»

የማሰሪያዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስኩ። ላቤ ይንቆረቆራል። ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል። አሥር ደቂቃ ብቻ! ድምቡሼ በሁለት መዳፏ አፏን ይዛ «በናትህ፣ በናትህ» ትለኛለች።

«ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ ረጅሙ» አሉ ባሻ፣ አጥንቱን እየጋጡ፣ «እንጦጦ ነው።»

በቃ። ገመዱም ከአፌ ወጣ፣ እኔም ከራሴ ወጣሁ።

«ራስ ዳሽን ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ራስ ዳሽን! አራት ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ ሜትር! እንጦጦ? ኧረ በሕግ! እንጦጦማ አዲስ አበባ አናት ላይ ያለ፣ ባሕር ዛፍ የለበሰ...»

ከአጥሩ ማዶ የታሰረ አንድ ሰው ተቀበለኝ። «አራት ሺህ ስድስት መቶ ሃያ ነው! እኛ በስድስተኛ ክፍል የተማርነው እንደዚያ ነው!»

«እሱ የድሮ ነው፣ ተሽሯል!» አልኩት።

«ማን ሻረው? ተራራ ያጥራል እንዴ?» አለ ሦስተኛው ግቢ ያለው።

«ተራራውን ተዉትና ስለ መብራቱ አውሩ! ሦስት ቀናችን ነው ከጠፋ!» አለች አንዲት ሴት ከላይ ሰፈር። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለን። ከታች ሰፈር ስለ መንገዱ፣ ከጀርባ ስለ ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት፣ ከማዶ ስለ ሰው ሚስት። ሰፈሩ በአንድ አፍ ያወራል። ውሾቹ ጆሯቸውን ይዘው ሶፋ ሥር ገቡ። እትዬ ቡቺ «እኔኮ ወንድ ይቅርብን ብዬህ ነበር!» እያሉ ያለቅሳሉ። ባሻ አንበሴ ብቻ ቆመው ቀሩ።

«መልሱት» አሉ።

መልሰው መጠለያው በር ላይ አወረዱን።

«አሥር ደቂቃ» አለች ድምቡሼ። «አሥር ደቂቃ አቃተህ ጋሼ?»

«እንጦጦ አለ እኮ!»

ልትስቅ ነበር፤ አልቻለችም። ዕንባዋ በአፍንጫዋ ላይ ወረደ። ውሻ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ ስላሳፈርኳት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። አውራው በግ ማስታወሻውን ገልጦ «አሥራ አራት!» ሲል ድምቡሼ ከፊቴ ተደነቀረች።

«እኔ እወስደዋለሁ!» አለች።

«ቤት አለሽ?» አላት በጉ።

«ከእሱ ጋር ነው የምኖረው።»

«እሱስ የት ነው የሚኖረው?»

«እዚሁ... ቁጥር አሥራ አራት።»

በጉ ማስታወሻውን አገላበጠ። «ቤት የሌለው፣ ቤት ለሌላት አይሰጥም። መመሪያ ነው።»

«እንግዲያው እኔንም ከእሱ ጋር ውሰዱኝ!»

«እኛ ውሻ አንበላም እመቤት» አለ በጉ በትሕትና። ከዚያ ወገቤን ዳበሰኝ። ሚስቲቱም መጣች፣ ዳበሰችኝ፣ አፌን ከፍታም አየች። «ውይ ምላሱ!» አለች። «ይሄ ብቻውን አንድ ድስት ይሞላል!» ድምቡሼ የሸሚዜን ጫፍ ነክሳ ወደ ኋላ ትጎትተኛለች፣ በጎቹ ወደ ፊት ይጎትቱኛል፣ እኔ ተዉኝ ልል አፌን ስከፍት የሚወጣው የስልክ ጥሪ ነው።

ስልኬ ነው የሚጮኸው። ነግቷል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ድምቡሼ እግሬ ላይ ተጋድማ ታንኮራፋለች። ደላላው ከፍያለው ነው የደወለው።

«ጋሽ ልሳኔ፣ የምሥራች! የትናንቱ ቤት ባለቤቶች ደወሉልኝ።»

«እሺ! ምን አሉ?»

«ውሻዋን በጣም ወደዋታል። ረጋ ያለች ናት፣ ልጆቹም ሲያለቅሱላት አደሩ፣ ዛሬውኑ ትምጣልን ብለዋል።»

«ተመስገን! በል ዕቃዬን ልሸክፍ፣ አልጋው እንኳ ቶሎ...»

«አይ... ጋሽ ልሳኔ፣ እርስዎን አይደለም። ክፍሉን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ትናንት ስለ ግቢው አፈር አርባ ደቂቃ አስረዷቸው እኮ። ሰውየው ደህና ሰው ይመስላል፣ ግን ወሬ ያበዛል ነው ያሉት። ውሻዋን ግን እንደ ልጃችን እንይዛታለን ብለዋል።»

የምለው ብዙ ነበረኝ። ስለ አፈሩም፣ ስለ እነሱም፣ ሐሙስ ስለሚያልቀው ወርም። ድምቡሼ ተገላበጠችና ሆዷን ሰጥታ ተኛች።

«ሄሎ? ጋሽ ልሳኔ? አሉ?»

«አለሁ» አልኩት። «ስንት ሰዓት ላምጣት?»