እማዬ በማን ስም ታመመች?

እኔ እኮ አሁን አሁን ሰው ሲያስነጥስ ገና ይደክመኛል። አትፍረዱብኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ጤና ተቋም ካርድ ክፍል ከተቀመጥኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራዬ ምን መሰላችሁ? የጠፋ ካርድ መፈለግ። ሳጣው አዲስ አወጣለሁ። አዲሱ በወጣ ማግስት አሮጌው ይገኛል። የት? ክርኔን ያስደገፍኩበት ክምር ውስጥ!

አምና ስልጠና ጠሩን። ብሎክቼይን የሚባል ነገር መጣ አሉ። ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት ባለሙያ እንዳስረዳን ከሆነ፣ የበሽተኛው ታሪክ አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። አንኮበርም፣ እነዋሪም፣ እኛም ጋ አንድ ዓይነት ቅጂ ይኖራል። አንዱ ልሰርዝ ቢል ሌሎቹ ያጋልጡታል። አንዴ የገባ አይፋቅም። እኔ በራሴ መንገድ ነው የገባኝ፤ ገበያ እንደወጣ ወሬ ማለት ነው። ሁሉም ጆሮ ውስጥ ስላለ ያወራው ሰው ራሱ ሊያጠፋው አይችልም። ደስ አለኝ፣ ልዋሻችሁ? ካርድ ፍለጋ ሊቀር ነው ብዬ ለእናቴ ሳይቀር ደውዬ ሰበክኩላት። "ጎሽ" አለችኝ። እሷ ለማንም ጎሽ ትላለች።

እማዬ የምትኖረው አንኮበር ነው። ባለፈው ሰሞን ሳል ጠንቶባት በሚኒባስ መጣች። መታወቂያዋን ተቀብዬ አስካለ ብዬ ከነአባቷ ስም አስገባሁ። ስክሪኑ ንጹሕ ነው። ሰባ ዓመት የኖረች ሴት አንድ ቀን እንኳ አልታመመችም! እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ።

ሐኪሙም ያንኑ አይቶ ፔኒሲሊን በመርፌ አዘዘላት። ሲስተር መርፌውን ስታዘጋጅ እማዬ ቀስ ብላ፣ "ልጄ፣ አምና አንኮበር ላይ ጉሮሮዬን አሳብጣ ልትገድለኝ የነበረችው መርፌ እንዳትሆን ብቻ" አለቻት።

እኔ ይህን ገና መስማቴ ነው። እንዳልጨነቅ ብላ ደብቃኛለች። ታዲያ ምን ያልኩ ይመስላችኋል? አሁንም ሳስበው ያመኛል። "እማዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ሲስተሙ ያወጣው ነበር፤ ተረጋጊ" አልኳት። የወለደችኝን ሴት ትቼ ስክሪን አመንኩ።

ሲስተር ከእኔ ትሻላለች። መርፌውን አስቀምጣ፣ ያኔ በማን ስም እንደታከመች ጠየቀቻት።

"በራሴ ነዋ! ወለተ ኪዳን ብዬ።"

ወለተ ኪዳን የክርስትና ስሟ ነው። ሮጬ ካርድ ክፍል ገብቼ ጻፍኩት። አንኮበር፤ ያው ዕድሜ፣ ያው ቀበሌ። ከሥሩ በቀይ፣ ፔኒሲሊን እንዳይሰጣት ይላል። ብሎክቼይኑ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። እየሮጥኩ ተመልሼ ለሐኪሙ ነገርኩት።

ሌላ መድኃኒት ታዘዘላት። ሳሉ ቀለል ሲላት ተቆጣኋት፤ ምን ነካሽ አልኳት። እሷ ደግሞ የሚያስቆጣው ነገር አልገባትም። ታማ ተኝታ ስም ሲሏት ሌላ የትኛውን ትበል? ለበሽተኛ ሲጸለይ የሚጠራው የክርስትና ስም አይደል? ለቄሱ የምትሰጠውን ስም ለካርድ ክፍሉ ሰጠች፣ በቃ። ሃያ ዓመት ስፈልጋቸው የኖርኩት ካርዶች ሁሉ ትዝ አሉኝና ድካሜ ባሰብኝ።

ለቀጠሮ ስትመለስ ያ ባለሙያ ሲስተሙን ሊያይ መጥቶ አገኘሁት። የአንኮበሩን ሰርዘህ ወደ መታወቂያው ስም አዛውርልኝ አልኩት። አይሆንም አለኝ። ሁለቱን ማገናኘት እንጂ መሰረዝ የለም፤ የትኛው ስም ዋና ይሁን አለኝ። የመታወቂያው ነዋ፣ ይኼም ይጠየቃል? አልኩት።

እማዬ ከተቀመጠችበት ቀና አለች።

"አይሰረዝም ነው የምትለው?"

"አይሰረዝም፣ እማማ።"

"ከሞትኩም በኋላ?"

"ለዘላለም!" አለ ልጁ፣ ደረቱን ነፍቶ።

"እንግዲያ ወለተ ኪዳን ብለህ ጻፈው። በመታወቂያው ማዳበሪያ ነው የምወስድበት፤ ለዘላለም የምጠራውማ በዚህኛው ነው።"