የቋሚ መምህራኑ ታሪካዊ አቋም

ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በማሽላ እርሻ መካከል አንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። ስሙን አንጠራውም፤ ታላላቅ ሥራዎች ስም አይሹም። የዚህ ግቢ ቋሚ መምህራን በሰው ችግር ላይ አቋም ሲይዙ ያሳዩት ጥንቃቄ ግን ሳይነገር መቅረት የለበትም።

ነገሩ የተጀመረው የኮንትራት መምህራኑ ማስተማር ያቆሙ ዕለት ነው። በየሴሚስተሩ ውል ይፈርማሉ፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሻንጣቸውን ሸክፈው ይጠሩ እንደሆነ ይጠብቃሉ። አሁን ግን «ወይ ቋሚ አድርጉን፣ ወይ አናስተምርም» ብለው በሩ ላይ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። በዚያ ግቢ የሚያስተምሩት እነሱ ነበሩ። ቋሚዎቹ ከዚያ ከፍ ያለ ሥራ ነበራቸው፤ ይሰበሰቡ ነበር።

ዲኑ ዶክተር ሙህዲን ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ከበላይ አካል የሚላክ ገምጋሚ ቡድን በሳምንቱ ይመጣል። ትምህርቱ ሲካሄድ ካገኘ ምክትል ፕሬዚዳንት ይሆናሉ፤ ባዶ ክፍል ካገኘ ግን ወደ ማስተማር ይመለሳሉ። ዶክተር ሙህዲን ደግሞ ጠመኔ ከጨበጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ስለዚህ የቋሚ መምህራኑን አስተያየት ለመስማት ስብሰባ ጠሩ።

«የወጣቶቹ ጥያቄ በመርህ ደረጃ ትክክል ነው» አሉ አንጋፋው ዶክተር አላምረው። ተጨበጨበ። «ነገር ግን ወቅቱን የጠበቀ አይደለም።» ይበልጥ ተጨበጨበ።

«ወቅቱ መቼ ነው?» ጠየቁ ዲኑ።

«እሱማ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።»

«እሺ፣ እስከዚያ ክፍሎቹን እኛ ብንሸፍናቸውስ?»

አንዱ ጉሮሯቸውን እንደሚያማቸው አስታወሱ። ሌላው፣ የቆላ ሙቀት ለማስተማር እንጂ ለመሰብሰብ እንደማይከብድ በሳይንስ አስረዱ። በመጨረሻ አጥኚ ኮሚቴ ተቋቁሞ ስብሰባው በስኬት ተጠናቀቀ።

ዶክተር ሙህዲን ተስፋ ቢቆርጡ ጎብዬ ከተማ ወርደው ሐጂ አብዱሰመድን ለመኑ። ሐጂ ደም የተቃቡትን ሳይቀር የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው።

«ሽማግሌ የምትልከው አንተ ነህ?» አሉ ሐጂ።

«አዎ ሐጂ።»

«እስቲ ደግመህ አስብበት፣ ልጄ።»

«አስቤበታለሁ። ብቻ ቶሎ ይሁንልኝ።»

በራያ ሽማግሌ የሚልከው በዳይ መሆኑን የማያውቅ የለም። ዶክተሩም ያውቁ ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸው በዚሁ በሽምግልና ላይ ነው። ግን የምክትል ፕሬዚዳንቱ ወንበር ዓይናቸው ላይ ቆሞ ሌላውን ሁሉ ጋረደባቸው።

ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሳር ይዘው ዋርካው ሥር ደረሱ። መንገደኛው ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ገበሬው ከማሳው ወጥቶ ከበባቸው።

«ልጆቼ» አሉ ሐጂ፣ «ግቢው በድሏችኋል። ይቅር በሉኝ ብሎ ልኮናል።»

«በድያለሁ ብሏል?» አለች የፊዚክስ መምህርቷ ጀዊሪያ።

«ሽማግሌ ልኳል። ከዚህ ሌላ ምን ይበል?»

«እንግዲያው ካሳችን ቋሚነት ነው።»

«እኛ ደም ስናደርቅ የኖርን፣ ይቺ ታቅተናለች? አብሽሪ!»

ዲኑ ተጠሩ። ያን ያህል ሕዝብ ፊት፣ ሳር የያዙ ሽማግሌዎች ፊት እንቢ ማለት አይሆንላቸውም። «ቋሚ ይሆናሉ» ብለው ቃል ገቡ፤ ሐጂ መረቁ፤ ሕዝቡ «አሚን» አለ። በማግስቱ ክፍሎቹ ሁሉ በትምህርት ተሞሉ።

ይህን ጊዜ ቋሚ መምህራኑ በአንድ ልብ ተነሡ። ምልዓተ ጉባኤ ሞልቶበት የማያውቀው አዳራሽ በዚያ ቀን መቆሚያ ጠፋበት።

«ኮሚቴው ጥናቱን ሳይጨርስ!» አሉ ዶክተር አላምረው ጠረጴዛውን እየደበደቡ። «ሁሉም ቋሚ ከሆነ እኛ ምን ልንባል ነው?»

አንድም ተቃውሞ፣ አንድም ድምፀ ተአቅቦ አልነበረም። ላልተወሰነ ጊዜ ሥራ ማቆማቸውን አወጁ፤ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ወጡና ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ወንበር ግን ከቢሮ አስመጡ።

ዶክተር ሙህዲን እንቅልፍ አጡ። ቡድኑ ደረሰ። የቡድኑ መሪ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከክፍል ክፍል ዞሩ፤ ቤተ ሙከራውን አዩ፤ ተማሪዎቹን ጠየቁ። ሁሉም ጥሩ ነው። ዲኑ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ሲሸኟቸው ግን ወይዘሮዋ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«እነዚያ ጥላ ሥር ያሉት ጡረተኞች ምን ጉዳይ አላቸው?»

«ጡረተኞች አይደሉም። ቋሚ መምህሮቻችን ናቸው» አሉ ዲኑ ላባቸውን እየጠረጉ። «ሥራ አቁመው ነው።»

«የትኛውን ሥራ?»

ዲኑ ዙሪያቸውን ቃኙ። ጀዊሪያ ከክፍል ወጥታ ስታልፍ አዩና ጠሯት።

«ጀዊሪያ፣ እስቲ አስረጂልኝ። ቋሚዎቹ ሥራ በማቆማቸው የደረሰውን ጉዳት ንገሪያቸው።»

«አቁመው ነው እንዴ?» ወደ ዋርካው ዞራ አየች። «ወሏሂ አልሰማንም፣ ዶክተር። ሙቀት በርትቶ ስብሰባውን ውጭ አውጥተውት መስሎን ነበር።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ መኪናው ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ምክትል ፕሬዚዳንትነቱ ትንሽ ይቆየን፣ ዶክተር» አሉ በትሕትና። «እርስዎንም እነሱንም መጀመሪያ አንድ ሴሚስተር በኮንትራት እንያችሁ።»