ወባ የያዘው ማሽን እና የዘሀራ የአንገት ጌጥ

ሰው በድንጋይ ይዋረዳል ብላችሁ ታምናላችሁ?

እኔ ተዋርጃለሁ። ያውም በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እጄ፣ የሐረር ሴት ሁሉ በተሰበሰበበት!

(እሺ፣ ሁሉም አልነበሩም። ያልመጡት ግን በማግስቱ ሰምተዋል።)

ዛሬ የልጅ ልጄ "አያቴ፣ ወጣት ሳሉ ሆቢ ነበረዎት?" ብላ ጠየቀችኝ። ሆቢ! እኔ የነበረኝ ወባ የያዘው ማሽን ነው። ስነግራት በሳቅ ወለሉ ላይ ስትንከባለል፣ ለእናንተም ፖስት ላድርገው አልኩ። ሳቁ፣ ተፈቅዷል።

ነገሩ የሆነው ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። እኔ ነፊሳ ያኔ ያላገባሁ፣ ምላሴ ከእጄ የሚቀድም ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው ከሚሰፉበት መኪና ግርግር ከሚባለው መንገድ ብዙም አይርቅም። አባቴ አው ዩሱፍ የብር አንጥረኛ ነበሩ። ፈርጥ ያለው ቀለበት ወይም የአንገት ጌጥ የፈለገ ሰው፣ ከሶፊ ገጠር የመጣም ቢሆን፣ "የአው ዩሱፍ ሱቅ የት ነው?" ብሎ ነበር የሚጠይቀው።

ከዚያ የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ብሩን እንደምንም ይሠሩታል። ድንጋዩን በእርጥብ አሸዋና በቆዳ እያሹ ማለስለሱን ግን እጃቸው እምቢ አለ። ሰው ሲመጣ "ድንጋይ አልቋል" ማለት ጀመሩ። አስቡት! ዙሪያውን በድንጋይ ግንብ በታጠረ ከተማ ድንጋይ አለቀ!

በዚህ መሃል የአክስቴ ልጅ የዘሀራ ሰርግ ደረሰ። እናቷ የአባቴ እህት አክስቴ ፋጡማ ናቸው። ምላሳቸው ብር ይቆርጣል። ቤታችን መጡና "የልጄን የአንገት ጌጥ ከወንድሜ በቀር ማንም አይነካውም" አሉ። አባቴ እምቢ ማለት ሞት ሆነባቸው።

"ኢንሻአላህ" አሉ።

በኋላ ሱቃቸው ስገባ፣ ሁለት እጃቸውን በጉልበታቸው መሃል ጨምቀው ተቀምጠው አገኘኋቸው። እንዳላየ ሰው ተመለስኩ። 

አሁን ወደ ማሽኑ።

ከግንቡ ውጭ ለምትኖር አንዲት ፈረንጅ መጋረጃና ቀሚስ እሰፋ ነበር፤ ማዳም ነው የምንላት። ባሏ ድንጋይ መሰብሰብ ይወድ ነበር። ጓዛቸውን ጠቅልለው አገራቸው ሊገቡ ሲሉ ቤታቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ከታች ሞተር፣ ከሞተሩ በላይ ስፕሪንግ፣ ከስፕሪንጉ በላይ ክዳን ያለው ጎድጓዳ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

አንድ ድንጋይ ከመሳቢያ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ያበራል! ውሃ የነካው መስሎኝ በቀሚሴ ጠረግኩት።

ደረቅ ነው!

ማሽኑ ነው የሠራው አለችኝ። ድንጋይና ሸካራ ዱቄት በጥቂት ውሃ ታደርጊያለሽ፤ ማሽኑ እያንቀጠቀጠ ድንጋዩን ከድንጋይ ያፋትገዋል፤ ቀጥሎ ደቃቁ ዱቄት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሚያበራው ነጭ ዱቄት። "ውሰጂው፣ ለእኛ ሸክም ነው" ብላ ከነዱቄት ከረጢቶቹ ሰጠችኝ። አጠቃቀሙንም በደንብ አስረዳችኝ።

በእንግሊዝኛ። በጥድፊያ። ሻንጣ እየዘጋች።

"የስ" አልኩ። "የስ፣ የስ፣ ኦፍ ኮርስ!"

ግማሹ አልገባኝም። ሌላው ግማሽ ደግሞ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

በአህያ አስጭኜ በሸዋ በር አስገባሁት። አባቴ ዙሪያውን ዞረው አዩትና "ድንጋይ ትዕግሥት እንጂ ኤሌክትሪክ አይፈልግም" ብለው ወጡ። እናቴ ደግሞ ሞተሩ ሲነሳ ወደ ኋላ ሸሽተው "ያ ሰላም! ይሄ ነገር ወባ ይዞታል!" አሉ።

ስሙ በዚያው ወባ ሆኖ ቀረ።

ድንጋይ ልለቅም ሐኪም ጋራ ሥር ወዳለው ጅረት ወረድኩ። ልጆቼ፣ ውሃ ውስጥ ያለ ድንጋይ ሁሉ ቆንጆ ነው። (ይህችን ያዙልኝ፣ ለትዳርም ትጠቅማለች።) ነጭ አልኩ፣ ቀይ አልኩ፣ ቢጫ አልኩ፤ ጠንካራውን ባልጩት ከልፍስፍሱ ኖራ ድንጋይ ሳልለይ ለቃቅሜ ወባ ውስጥ ዘረገፍኩት። ውሃውንም አልሰሰትኩም። የእንግዳ ሾርባ እንኳ እንደዚያ ውሃ አይደረግበትም!

ሶኬት ያለው ትልቁ ክፍል ብቻ ነበር። ስለዚህ ወባን ነደባ ላይ፣ ማለትም ቀይ በተቀባው የእንግዳ መቀመጫችን ላይ አስቀምጬ አስነሳሁት።

ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሳህኖች ተንጫጩ። ከጎረቤት "ያ ጀማዓ፣ መሬት ነው እንዴ የሚንቀጠቀጠው?" የሚል ጩኸት መጣ።

ወባ ደግሞ መሄድ ጀመረ።

አዎ፣ መሄድ! እየተንቀጠቀጠ፣ ቀስ እያለ፣ ወደ ነደባው ጫፍ! እናቴ በአንድ እጃቸው ማሽኑን፣ በሌላው ሳህኖቹን ይዘው "ነፊሳ፣ እሰሪው!" ይላሉ። በገመድ ከምሰሶው ጋር አሰርኩት። እንደ በግ።

ብልህ ሰው ይሄኔ ዝም ይላል። እኔ ግን ያገኘሁትን ሁሉ አቁሜ "ለዘሀራ ንጉሥ ያላየውን ድንጋይ ላወጣላት ነው" ማለት ጀመርኩ። ያኔ ፌስቡክ የለም፤ እኔ ነበርኩ ፌስቡኩ።

ቀኑ ደረሰ። የአፎቻችን ሴቶች፣ ለሰርግም ለሐዘንም የምንረዳዳበት ማኅበር ነው፣ የሰርጉን ነገር ሊመክሩ ቤታችን ሞሉ። ወባ ጥጉ ላይ ታስሮ ይንቀጠቀጣል። አክስቴ ፋጡማ "እስቲ ክፈቺውና እንየው" አሉ።

"ገና ነው" ማለት ነበረብኝ።

አላልኩም። ንጹሕ ጨርቅ ያለበስኩት ትሪ አመጣሁ። "ቢስሚላህ" ብዬ ክዳኑን አነሳሁና ገለበጥኩት።

ጯ!

ግራጫ ገንፎ። ኖራ ድንጋዩ ሟሙቶ ጭቃ ሆኗል። ጠንካሮቹ ድንጋዮች እንደገቡ፣ ቅንጣት ሳይለወጡ፣ በመሃሉ እንደ ባቄላ ብቅ ብቅ ብለዋል።

 አክስቴ ፋጡማ ጎንበስ ብለው ትሪውን አዩ፤ ጣታቸውን ነከር አደረጉ።

"ነፊሳ ልጄ" አሉ። "ሾርባሽ ጨው ጎድሎታል።"

ሳቁን አልነግራችሁም። አንዷ ሴትዮ ከነደባው ተንሸራታ ወርዳለች። ዘሀራም ሳቀች፤ ግን ቶሎ አቆመች። ዓይኗን ሳይ ገባኝ፤ ጌጧ እንደማይደርስ ያወቀችው ያኔ ነው።

አላበቃም! ከማፈሬ ብዛት ያንን ጭቃ ግቢያችን ያለው የውሃ መውረጃ ውስጥ ደፋሁት። ለካ ሲደርቅ ሲሚንቶ ነው! በማግስቱ የእጣቢው ውሃ ሁሉ ተመልሶ ግቢውን አጥለቀለቀው። እናቴ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየተራመዱ መጡና መጥረጊያውን አቀበሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ብቻ አልሳቁም። አመሻሹ ላይ "ለፋጡማ እኔው እነግራታለሁ፤ ሌላ አንጥረኛ ትፈልግ" አሉ።

"አባዬ፣ ትንሽ ይታገሡኝ።"

"ድንጋይ ነው ልጄ። ቀልድ አያውቅም።"

"እኔም አልቀለድኩም!"

ድምፄ ከፍ ብሎ ነው የወጣው። አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። እሳቸውም ገረማቸው መሰለኝ፣ ትክ ብለው አዩኝ።

"እሺ" አሉ። "ሞክሪ።"

ከጭቃው ውስጥ የተረፉትን ድንጋዮች ለቅሜ አጠብኳቸው። ለምን እነዚህ ብቻ ተረፉ? አንዱን አንስቼ በእናቴ ቢላ ጫርኩት። ቢላው ድንጋዩን አልጫረውም፤ ድንጋዩ ቢላውን ጫረው! ያገኘሁትን ሁሉ እንደዚያ ፈተንኩ። ቢላ የሚጭረውን ጣልኩ፣ ቢላ የሚጭረው ደግሞ ቀረልኝ…

ቆይ፣ ተምታታባችሁ። ባጭሩ፣ ቢላውን ያሸነፈ ድንጋይ ገባ። እቤታችን ስለት ያለው ቢላ ጠፋ፤ ለተወሰነ ጊዜ ሥጋ በእጃችን እየቀደድን በላን።

አሁን እንደ ወተት የነጣና እንደ ሥጋ የቀላ አቂቅ የሚባለውን የጌጥ ድንጋይ ብቻ ነው የምለቅመው። ወባን ከነደባ አውርጄ የግቢው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ አሸዋ በሞላው ጆንያ ላይ አስቀመጥኩት፤ መሄዱን ተወ። ጎድጓዳው ጎደል ካለ ድንጋዮቹ እየዘለሉ እንደሚሰባበሩ ተሰባብረው አሳዩኝ፤ በጠጠር ሞላሁት። ውሃውን ማርጠቢያ ብቻ አደረግኩት። አንዴ ደግሞ ሸካራውን ዱቄት በደንብ ሳላጥብ ወደ ደቃቁ አለፍኩና ድንጋዩ ሁሉ ድመት የቧጠጠው መስሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጎድጓዳውን፣ ክዳኑን፣ እያንዳንዷን ድንጋይ ሳጥብ እናቴ "ሶላት ልታሰግጃቸው ነው?" ይሉኝ ነበር።

በመጨረሻ ነጩ ዱቄት ገባ። ሰርጉ ተቃርቧል። ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ተቀምጬ ድምፁን ስሰማ፣ ዝም!

መብራት ጠፋ።

የውሃ መውረጃው ትዝ አለኝ። ሲሚንቶ!  ጎድጓዳውን ከማሽኑ ነቅዬ ጭኔ ላይ አቀፍኩና በእጄ ማንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ክንዴ ሲዝል እንዲበረታ ዘፈን ቢጤ አወጣሁ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ወዲያና ወዲህ እያልኩ።

ዓይኔን ስገልጥ አክስቴ ፋጡማ በር ላይ ቆመዋል።

"ያ ረቢ!" አሉ። "ልጅቷ ድንጋይ እሹሩሩ ትላለች!"

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ለምን እንደማንቀጠቅጠው እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። የአባቴንም እጅ ነገርኳቸው። እስከዚያ ቀን አያውቁም ነበር።  ሰምተው ሲያበቁ ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ፣ አጠገቤ ቁጭ አሉ፣ እጃቸውን ዘረጉ።

"አምጪው፣ አንቺ ደክሞሻል።"

እኚያ የጀጎል ግርማ ሞገስ አክስቴ የድንጋይ ጎድጓዳ ታቅፈው፣ መብራት እስኪመጣ እየተቀባበልን እሹሩሩ አልን!

(አጥቤ ባስቀምጠው ይበቃ ነበር። ከዓመታት በኋላ ነው ያወቅኩት። ለአክስቴ አልነገርኳቸውም። እናንተም እንዳትናገሩ።)

ድንጋዮቹን አጥቤ ሳወጣ ማንንም አልጠራሁም። ምላሴ ተምሯል። አንዱን ቀይ አቂቅ በጨርቅ ጠቅልዬ አባቴ ሱቅ ሄድኩ።

አባቴ ተቀበሉኝ። ወደ በሩ ብርሃን ዞር አደረጉት። ጉንጫቸው ላይ አስነኩት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በከንፈራቸው ዳሰሱት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ብርሃንም አብሮ ይንቀጠቀጣል።

"ማሻአላህ" አሉ። ቀጥለውም "እኔ በደህናው ዘመኔም እንዲህ አድርጌ አላውቅም።"

ዓይኔ ውስጥ የብር ብናኝ ገባ። ብናኝ ነው አልኳችሁ!

ጌጡን አብረን ሠራነው። እሳቸው ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው፣ እኔ ብሩን ይዤ። ከዚያ ወዲህ ሱቃችን "ድንጋይ አልቋል" የሚል ሰው አልሰማም። ደንበኛ ስለ ፈርጥ ሲጠይቅ አባቴ ወደኔ እየጠቆሙ "የድንጋዩን እሷን ጠይቋት" ይላሉ። እኔም እንደ ዳኛ ጎሮሮዬን እጠርጋለሁ።

በሰርጉ ቀን ዘሀራ ስትገባ ሴቱ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አክስቴ ፋጡማ ሸዋ በር ድረስ በሚሰማ ድምፅ "የወንድሜና የልጁ ሥራ ነው!" አሉ። ሳቅ የለም። እልልታ ብቻ!

እኔማ መሬት አልረገጥኩም። ሙሽራዋ በሄደችበት ሁሉ እየተከተልኩ ጌጡን አስተካክላለሁ።

ፎቶ አንሺ ተጠርቶ ነበር። ያኔ ፎቶ እንደ ዛሬ ሰልፊ አይደለም፤ አንዴ ይነሳል፣ አለቀ። ዘመድ ሁሉ ተደረደረ። ሰውዬው "አትንቀሳቀሱ!" አለ። ይሄኔ መሃለኛው አቂቅ ትንሽ ዞር ያለ መሰለኝ። እጄን ብቻ ዘረጋ አደረግኩ።

ቀጭ!

ፎቶው ታጥቦ መጣ። ጌጡ ፍንትው ብሎ ይታያል። የኔ ጥርስ አንድም ሳይቀር ይታያል። የሙሽራዋ ፊት ሙሉ በሙሉ ከክንዴ ጀርባ ነው።

ዘሀራ ዛሬ የልጅ ልጆች አሏት። በየዒዱ ደውላ "ዒድ ሙባረክ፣ ፊቴን መልሺልኝ" ትለኛለች። ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ከዚያ ስልኩን ዘግቼ ፎቶውን አውጥቼ አያለሁ፤ ድንጋዩ እንዴት እንደሚያበራ!

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ እናንተ ብትሆኑ እጃችሁን ትሰበስቡ ነበር?