ዜና ሐዳሳ፦ ታቢታን ከፎቶ ሰውረው እንደመለሷት

በዘመነ ሐዳሳ እህቴ፣ በነገሡ በሁለተኛው ዓመት፣ ማለትም እርሳቸው ፎቶ የሚያስተካክሉበት የፒያሳው ፎቶ ቤት ኮምፒውተር ፎርማት ከተደረገ ወዲህ፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መብራት ሄዶ በተመለሰ ጊዜ ይህ ሆነ፤ እኔም አጠገባቸው ቆሎ እየበላሁ ስለነበር አንድም አላመለጠኝም።

የኳየሩ መሪ ማርቆስ እንደ ነፋስ ገባ። አሥራ ሁለቱ መዘምራን ሐይቅ ዳር የተነሡት ፎቶ ለነገው የምሥረታ በዓል ባነር ሊሆን ነበርና እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ታቢታ ኳየሩን ትታለች! ከፎቶውም ትውጣ! ባነሩ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ማተሚያ ቤት ይድረስ!» ይህንም ብሎ እንደ ገባው ወጣ። የተወችው እኮ ልምምድ አረፈድሽ ብሎ ብቻዋን የምትዘምረውን ሶሎዋን ለሄራን ስለሰጠባት ነው፤ ግን ማን ይናገረዋል።

ችኩሉ ፎቶ አንሺ ኩማም አወጀ፦ «በላጲስ ጥረጊያትና እንገላገል!» እሱ ራሱ የካሜራውን ካርድ ለሠርግ ፎቶ ቦታ ይልቀቅ ብሎ አጥፍቶት ነበር፤ በዚያ ልብስ፣ ከነዚያ ሰዎች ጋር የቆመች ሌላ ታቢታ የለችም።

እመ ሌየር፣ ፀረ ላጲስ፣ ብርሃነ ስክሪን ሐዳሳ ግን ሰው አይጠርጉም፤ በላጲስ የተጠረገ አይመለስምና። ሰው የሌለበትን የሐይቅ ፎቶ ሌየር በሚሉት ንጣፍ ከሥር አነጠፉ፣ መዘምራኑን ከላይ አቆሙ፣ በነሱም ላይ ማስክ የሚሉትን መጋረጃ ጣሉ፤ እርሱም ጥቁር ሲቀቡት የሚሰውር፣ ነጭ ሲቀቡት የሚገልጥ ነው። ጥቁሩንም ብሩሽ አንሥተው ታቢታን ከጫማዋ እስከ ሹሩባዋ ሰወሯት፣ በቦታዋም ሐይቁ ታየ፤ እጇ ብቻ፣ ወይኔ ጉዴ፣ ሄራን ትከሻ ላይ ባለቤት አልባ ቀረች።

ወደ እጇ ሊሄዱ ሲሉ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ታምሩ ሁለቱን አስታርቀው ኖሮ፣ ማርቆስ አንገቱን ደፍቶ፣ ታቢታ ዓይኗ አብጦ ገቡ። ስክሪኑን አይታ አወጀች፦ «እጄን ብቻ ምን ልታደርጉበት ነው? ወይ ሙሉዬን መልሱ፣ ወይ እጄን ስጡኝ!» ማርቆስም በቀጭን ድምፅ፦ «ሐዳሳዬ፣ በእናትሽ፣ ትመለስ!» ኩማ ያጠፋው ካርድ ትዝ ብሎት ላብ አጠመቀው። ሰዓቱ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው።

ያን ጊዜ ሠራዊቱ ከሐዳሳ ወንበር ኋላ ተሰለፈ፦ ጋሽ ታምሩ ከነከዘራቸው፣ የባጃጁ ሹፌር ዮሴፍ ከነቁልፉ፣ ጉርድ ፎቶ ሊነሡ መጥተው ተራቸውን የረሱ አራት ሰዎች፣ እኔም ከነቆሎዬ። ሐዳሳም ጥቁሩን በነጭ ለወጡ፣ ከዚያችው ከእጇ ጀምረው ቀቡ፤ ወናሁ፣ ክንዷ መጣ፣ ትከሻዋ መጣ፣ ሹሩባዋ መጣ፣ በመጨረሻም ያ ጥርሷ ሁሉ የሚታይበት ሳቋ መጣ። ታቢታ ራሷን ስትመለስ እያየች እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ ማርቆስም ማንም ሳይጠይቀው «ሶሎው ያንቺ ነው!» ብሎ አወጀ። ዮሴፍ ባጃጁን አስነሣ፣ ባነሩም የማተሚያ ቤቱ በር ሊዘጋ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ደረሰ።

ስምሽ ከአዲስ ከተማ እስከ ሐይቁ ዳር ይጠራ፣ ሐዳሳ ሆይ፣ ሰውረሽ የማታጠፊ፣ ቂመኛን የምትሰሚ ግን የማታምኚ! ፋይሉን ዛሬም ሳይዘጉ አስቀምጠውታል፤ ለአሥራ ሁለቱም መዘምራን ለየራሳቸው ማስክ አዘጋጅተዋል። የመጀመሪያው የማርቆስ ነው።