ሰላምታ የምታቀርበው ሳጥን

የፈጠራ ሰው የሚባለው ከሥራ ለማምለጥ ሲል ከማንም በላይ የሚሠራ ሰነፍ ነው። ራሴን ጨምሬ ነው የምናገረው፤ አትቀየሙኝ።

ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ጨርቅ መሸጥ አያደክምም፤ የሚያደክመው ሰላምታው ነው። የኛ ሰው ግማሽ ሜትር ገበር ሊገዛ ገብቶ፣ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ያለውን ዘመድ ጤና ሳይጠያየቅ እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም። እኔ ደግሞ ነፍሴ የምትወደው ሽቦና ብየዳ ነው... ታዲያ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ፕሮግራም የሚጫንባት፣ ከመዳፍ የማትበልጥ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ገዛሁ። ሰው ሲንቀሳቀስ የሚያውቅ ሴንሰርና ትንሽ ስፒከር አያያዝኩባት፤ ድምፄን ቀድቼ ጫንኩባትና ሳጥን ውስጥ ከትቼ ከመደርደሪያው ጫፍ ሰቀልኳት። ሰው ሲገባ እሷ በኔ ድምፅ "አሰላሙ አለይኩም፣ ቤተሰብ ደህና?" ትላለች፤ እኔ ጨርቅ እለካለሁ።

ባለቤቴ ፈቲያ ሰምታ ከንፈሯን መጠጠች።

"ይሄ ሰላምታ ነው? ፖሊስ እንኳ ከዚህ የበለጠ ይጠይቃል።"

እልህ ያዘኝ። እንግዳው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀጣዩን ጥያቄ እንድታመጣ አደረግኳት፤ ልጆች፣ ጤና፣ ሥራ፣ ሙቀቱ... ሲያልቅባት እንደገና ከሰላምታው ትጀምራለች። መብራት ቢጠፋ እንዳትቋረጥም ባትሪ ገጠምኩላት። በዚች ባትሪ ስንት ቀን እንደጎረርኩ ጎረቤቶቼን ጠይቁ።

ሐጂ አብዶሽ የመጡት በሙቀቱ ወራት ነው፤ ደንበኛ ሁሉ ወደ ነፋሻ አገር ሸሽቶ እኔ ዝንብ የማባርርበት ጊዜ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። የሙሽራዋ ሴት ዘመዶች በሙሉ የሚለብሱትን የድሪያ ቀሚስ ጨርቅ ከአንድ ሱቅ ሊገዙ አስበዋል። ያንን ገበያ ባገኝ እስከ ብርዱ ወራት ያለ ሐሳብ እተኛለሁ። ገና ወንበር ስቤላቸው ሳይቀመጡ መብራት ጠፋ። ቬንቲሌተሩ ቆመ። ሐጂ ማራገቢያቸውን አውጥተው ማራገብ ጀመሩ።

ሴንሰሯ የምትጠብቀው ይህንኑ ነበር።

"ቤተሰብ ደህና?" አለች ሳጥኗ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሐጂ ቀና ብለው። "ያ አረንጓዴው ጨርቅ..."

"ልጆች እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናቸው፣ ትልቋን ልድር ነው። አረንጓዴውን..."

"ጤናስ?"

"ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል።"

ላጠፋት ብድግ አልኩ።

"ወዴት ነው?" አሉኝ ሐጂ።

"ሐጂ፣ ሳጥን እኮ ናት። ላጥፋትና ጨርቁን ላሳይዎ።"

"ድምፁ ያንተ አይደለም እንዴ? ሰላም ያለኝን ሰው አፍ አታዘጋብኝ፣ ተቀመጥ።"

ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ፣ አንድ ፍሬ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ሲመልሱ ይሞቃቸዋል፤ ሲሞቃቸው ያራግባሉ፤ ሲያራግቡ ትጠይቃለች። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ አማቻቸው፣ ድሬዳዋ ስላለው ወንድማቸው የማላውቀውን ሁሉ አወቅሁ። ስለ አረንጓዴው ጨርቅ ግን ከ"አረንጓዴው" አላለፍንም። ለምሳ የምንዘጋበት ሰዓት ሲደርስ ሐጂ ላባቸውን ጠርገው ተነሡ። ሲነሡ "አሰላሙ አለይኩም" አለች። መልሰውላት ወጡ። አልቅስ አልቅስ አለኝ።

በሳምንቱ ጎረቤቶቼ ነገሩኝ፤ የሠርጉ ጨርቅ በሙሉ የተገዛው ፊት ለፊቴ ካለው ከኡስማን ሱቅ ነው። ኡስማን እኮ የእግዜር ሰላምታ የማያውቅ፣ ዋጋ ጠርቶ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ አንድ ረፋድ ሐጂ ራሳቸው ብቅ አሉ። አኩርፌያለሁ፤ ግን ጠየቅኋቸው።

"ሐጂ፣ እንዴት ከኡስማን ገዙ?"

"ቸኩዬ ነበራ ልጄ። እሱ ዘንድ ሰላምታ የለም፣ ገብቶ ገዝቶ መውጣት ነው።"

ይህን ብለው አለፉኝና ወንበሩን ራሳቸው ስበው ከሳጥኗ ሥር ተቀመጡ። ማራገቢያቸውን ዘረጉ።

"ቤተሰብ ደህና?" አለች።

"አልሐምዱሊላህ" አሏት ተመቻችተው። "ዛሬ የምገዛው ነገር የለኝም፣ እስቲ በደንብ ጠይቂኝ።"