ሁለቴ ካንኳኳሁ ድገሚው ነው

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳልኩ ሕልም አየሁ።

መጀመሪያ ግን ይህን ልንገራችሁ። የጎረቤቴ ልጅ ትርሲት ኮሌጅ ገብታ ሙዚቃዊ ተውኔት ለመማር ሁለት ዘፈን ይዛ መፈተን ነበረባት። ክረምቱን ሙሉ ስትለማመድ በግድግዳው በኩል እሰማታለሁ። አንዴ ካንኳኳሁ «ጥሩ ነው»፣ ሁለቴ ካንኳኳሁ «ድገሚው» ነው፤ ውላችን ነበር።

በሕልሜ ኮሌጁ ግቢ ነኝ። ዘፈኖች ቁጥር ይዘው ተሰልፈዋል፤ የሚፈተኑት እነሱ ናቸው። አስተማሪዎቹ ውሃ ያመላልሱላቸዋል። ፈታኙ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት አስናቀ፣ ያውም በቢጃማ!

አንድ የሰርግ ዘፈን ካባውን እየጎተተ ገባ።

«ለትርሲት እሆናለሁ?»

«አንተ ሃምሳ አጃቢ ትፈልጋለህ፤ እሷ ብቻዋን ናት።»

እያጉረመረመ ወጣ። ቀጥሎ አንድ የናፍቆት ዘፈን ገባ። ከወገቡ በታች የለም፤ እግሮቹን በፌስታል ይዟቸዋል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ለፈተናው ብለው ወደ አንድ ደቂቃ ሲያሳጥሩኝ ነዋ፣ ጋሼ! ማልቀሻዬ ብቻ ቀረ።»

«የሚፈለገውስ እሱ አይደል? ተቀመጥ» አልኩት። በምኑ እንደሚቀመጥ እንጃ።

አፉን ሲከፍት ትርሲት ከውስጡ ወጣች፤ ዘፈነችውም። ሁልጊዜ የምታቅታት ከፍ ያለች ቦታ እንኳ ቀጥ ብላ ወጣችላት። አንዱ አስተማሪ ጆሮዬ ሥር መጣና፣ «አንዴ ካንኳኩ አልፋ ትሄዳለች። ሁለቴ ካንኳኩ ግድግዳው ውስጥ ትቀራለች» አለኝ።

«እንዴት ነው፣ ጋሼ?» አለች ትርሲት።

አንዴ አንኳኳሁ። እጄ ግን እምቢ አለ፤ ደገመ።

«ክረምቱንም እንዲህ ነበር ያደረጉኝ» አለች እየሳቀች። «ጥሩ መሆኑን እያወቁ።»

ስነቃ የራሴን ግድግዳ እየደበደብኩ ነው። ሁለቴ። እንደገና ሁለቴ።

«ጋሽ አስናቀ!» አለች ከወዲያ እናቷ ዘውድነሽ። «ልጅቷ ኮሌጅ ከገባች ሦስት ሳምንቷ! ማንን ነው ድገሚ የሚሉት?»

አፍሬ እጄን ከግድግዳው አነሳሁ። እሷ ጉሮሮዋን ጠረገችና ያንኑ የልጇን የናፍቆት ዘፈን ጀመረችው፤ ሳይቆረጥ፣ ከነእግሩ።

ድምፅዋ አያድርስ ነው።

አንዴ አንኳኳሁላት።